ጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍነው መርዳሳ

መርዳሳን መጀመሪያ የሰማሁት ሳላየው ነው። ድምፁ ከመሬት ውስጥ ነበር የሚመጣው።

ጊዜው 1970 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነው። እኔ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ቀን ናዝሬት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ድምፃዊት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጁ መድረክ ላይ መቆሟን አልወደደውም፤ ግን በዚያ ዘመን ቀበሌ የጠራውን ልጅ አልልክም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ካኪዬን ለብሼ ስወጣ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍን ነበር።

የቡድናችን ኃላፊ ጓድ አለማየሁ ይባላል። አብዮቱ ሳይመጣ አስተማሪ የነበረ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን ከላይ የመጣ ወረቀት ባየ ቁጥር ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአብዮት በዓል ላይ የኪነት ቡድኖች ስለሚወዳደሩ “ከሰፊው ሕዝብ የተገኘ አዲስ ዜማ” አምጡ ተባለ። እኔና አኮርዲዮን ተጫዋቹ አብተው ወደ ቡልቡላ ተላክን። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን፣ በአውቶቡስ መስኮት የገባ አቧራ ፀጉራችንን አሽብቶት ረፋድ ላይ ደረስን።

ሻይ ቤት ገብተን፣ “እዚህ አገር ጥሩ ዘፋኝ ማን ነው?” ብለን ጠየቅን።

ባለ ሻይ ቤቱ ሳቀ። “ዘፋኝ ከፈለጋችሁ ጉድጓድ ፈልጉ። ዛሬ ከግራሩ ማዶ ነው የሚቆፍረው።”

የሚቀልድብን መስሎን ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል በግራሩ መሀል ከሄድን በኋላ አንዲት ረጅም ሴት አየን። ብቻዋን ነበረች። ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ባላ ተተክሎ ግንድ ተጋድሞበታል፤ በግንዱ ላይ የተጠቀለለውን ገመድ ሴትዮዋ ይዛለች። ከታች፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ወንድ ይዘፍናል።

ሁለት ስንኝ ይልና ጸጥ ይላል። ያኔ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ትጣራለች።

“ጂርታ?”

“ጂራ!” ይላል ከታች።

በኦሮምኛ “አለህ?” “አለሁ!” መባባላቸው ነው። ከዚያ ዘፈኑ ከቆመበት ይቀጥላል።

*ላይ ሆኖ ከሚያየኝ ገመዱን ጨብጦ፣*
*ታች ያለው ሰው ያያል ሰማዩን አብልጦ።*

አብተው አኮርዲዮኑን መሬት አስቀምጦ አጠገቡ ቁጭ አለ። እኔም ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ በጣቷ “ጠብቁ” ብላ ምልክት ሰጠችን እንጂ አላነጋገረችንም፤ ጆሮዋ ከታች ነበር።

ነገሩ በኋላ ገባኝ። በዚያ አገር ውሃ የሚገኘው ሠላሳና አርባ ክንድ ተወርዶ ነው። አፈሩ አመድ ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ አንዳንዴ ሽታም ቀለምም የሌለው መጥፎ አየር አለ። ቆፋሪዎች ኩራዝ አብርተው ይወርዳሉ፤ ኩራዙ ከጠፋ ይወጣሉ። ግን አየሩ ኩራዙን ሳያጠፋ ሰውየውን የሚቀድምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ድምፅ ሳያሰሙ የቀሩ ብዙ ነበሩ። መርዳሳና ሚስቱ በድሪያ ግን ተስማምተዋል፤ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ይዘፍናል። በየሁለት ስንኙ ይቆምና እሷ ትጠይቀዋለች። ካልመለሰ እሪ ብላ ጎረቤት ትጠራለች፤ ተባብረው ይስቡታል። ዘፈኑ የተወለደው ከዚህ ስምምነት ነው።

መርዳሳ ሲወጣ ከወፍጮ ቤት የመጣ መሰለኝ፤ ከዓይኑ በስተቀር ነጭ ያልሆነ ነገር አልነበረውም። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ የአርባ ዓመት ገደማ ሰው ነው። ተነሥቼ፣ “እንደምን ዋሉ፣ እርስዎ ነዎት የሚዘፍኑት?” አልኩት።

ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። “ስንት ሰው ሆነን ነው የታየንሽ?” ብሎ ሳቀ። “እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አንተ በይኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ መርዳሳ እያልኩ፣ ግን አንተ እያልኩ ኖርኩ።

ትውልዱ ከወደ ሞጆ ነው። አባቱ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። እሱ በልጅነቱ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረደና ጉድጓድ መቆፈር ተማረ። በድሪያን ያገኛት ዝዋይ አጠገብ፣ የአባቷን ግቢ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው። እሱ በማርያም ይምላል፣ እሷ በነቢ። ሁለቱም ወገን እምቢ ሲል ተያይዘው ቡልቡላ መጡ። ልጅ አልወለዱም። ገመዱን ለሌላ ሰው አምኖ ስለማይሰጥ እሷ ትይዛለች፤ እሷም ለሌላ ሰው አትሰጥም። ሰው መጀመሪያ ላይ “ሚስቱን ያሠራል” እያለ ያማው ነበር። በኋላ ግን ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሁሉ እነሱን ብቻ መጥራት ጀመረ።

ያን ቀን ከዘይት ቆርቆሮ የሠራውን ክራር ከቤቱ አምጥቶ ሦስት ዘፈን አስተማረን። አንዱ ስለ በድሪያ ነው፦

*ገመዱ ባንቺ እጅ ነው፣ እኔ ከታች አለሁ፣*
*ጂርታ ካላልሽኝ መኖሬን መች አውቃለሁ።*

አብተው ኖታውን በእርሳስ ጻፈ። መጀመሪያ ከጉድጓዱ የሰማነውን ዜማ ለውድድር ልንወስደው እንደምንፈልግ ስንነግረው መርዳሳ እጁን አወናጨፈ። “ውሰዱት። ውሃና ዜማ ከወጣ በኋላ የቆፋሪው አይደለም።”

ናዝሬት ስንመለስ ጓድ አለማየሁ ዜማውን ወደደው። ግጥሙን ግን አልወደደውም። “ታች ያለው፣ ላይ ያለው ምንድን ነው? ማን ነው ገመድ የያዘው?” ብሎ በፍርሃት ጠየቀን። ግጥሙ ተለወጠና ስለ ምርትና ስለ ትራክተር ሆነ። በየሁለት ስንኙ የነበሩት ዝምታዎችም ተሰረዙ። “ሕዝቡን ያስተኛል” አለ። ያለ እረፍት፣ ቱር ቱር እያለ የሚሄድ ዘፈን ሠራን። መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ዘፈንኩት፤ አንደኛ ወጣን። አስተዋዋቂው “ዜማ፣ ከሕዝብ የተወሰደ” ብሎ አነበበ። እኔና አብተው ተያየን፤ አፋችንን ግን አልከፈትንም።

የምስክር ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ፣ አሰለፈች፣ ቆማ ጠበቀችኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ስለት ነው።

“ያ ዜማ ያምራል። ማን አወጣው?” አለችኝ።

“ሕዝብ ነው ያወጣው፣ እማዬ።”

“ሕዝብ ስም የለውም?”

ወረቀቱን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ለሁለት ሳምንት ሰው “እንኳን ደስ አለሽ” ባለኝ ቁጥር የእናቴ ጥያቄ ይመለስብኝ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡልቡላ ወረድኩ።

ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ይለቅሙ ነበር። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። መርዳሳ ደነገጠ።

“ሰው ሞተብሽ እንዴ?”

“አይደለም። ዘፈንህን... ስምህን ሳንጠራ...”

“እሱን ነው?” አለና ሽምብራውን ቀጠለ። “ሰምቻለሁ እኮ። ከናዝሬት የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሲያፏጨው ሰማሁት። ቸኮላችሁ እንጂ መጥፎ አይደለም። ዝምታውን የት ጣላችሁት?”

“ጓድ አለማየሁ ሕዝቡን ያስተኛል አለ።”

“ያስተኛል? ዝም ስል እኮ ነው ሰው ጆሮውን የሚያቆመው።”

በድሪያ ግን እጇን ከሰፌዱ አነሣች። ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ “ስሙንስ? እሱ ስለ ዝምታው ይጠይቅሽ። እኔ ስለ ስሙ ነው የምጠይቅሽ። የት ጣላችሁት?” አለችኝ።

“ተይ አንቺ፣ ስሜን ምን ያደርጉበታል?” አለ መርዳሳ።

“እነሱ ምን እንደሚያደርጉበት አላውቅም። እኔ ግን እጠራበታለሁ። ሠላሳ ክንድ መሬት ሥር ሆነህ የምጠራህ በምን መሰለህ?”

መርዳሳ ሽምብራውን እንደ ያዘ ቀና ብሎ አያት። እኔ አንገቴን እንደ ደፋሁ፣ እናት በሚጠራበት በኦሮምኛው ቃል፣ “አዴ በድሪያ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሱን ዜማ በዘፈንኩበት ሁሉ ስሙን አስቀድሜ እጠራለሁ። በእናቴ” አልኳት።

“በእናትሽ አትማዪ። አድርጊው።”

አደረግኩት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዝዋይ ለአንድ በዓል ተጋብዘን ሄድን። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ አስተዋዋቂው ሳይቀድመኝ፣ “ዜማው የቡልቡላው ጉድጓድ ቆፋሪ የመርዳሳ ነው” አልኩ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ግማሹ የመርዳሳን ውሃ የሚጠጣ ነው። ጓድ አለማየሁ ግን ከመጋረጃ ኋላ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቀኝ። “የግለሰብ አምልኮ” የሚል ቃል ተጠቀመና ከመድረክ ለሁለት ወር አገደኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሙዚቃ የተማርኩት በእነዚያ ሁለት ወራት ነው። በየእሑዱ ቡልቡላ እወርድ ነበር።

መርዳሳ አስተማሪ አይመስልም። “እንዲህ አድርጊ” ብሎ አያውቅም። ግራር ሥር አስቀምጦኝ አንዲት ስንኝ ይልና ይጠብቀኛል። ስደግመው ይሰማኝና፣ “ትንፋሽሽን ሰረቅሽ” ይለኛል። እንደገና እላለሁ። “አሁንም ሰረቅሽ። አየር ያለበት ቦታ ተቀምጠሽ ለምን ትሰርቂያለሽ?” ቀስ እያልኩ ገባኝ። እሱ ትንፋሽ ውድ ከሆነበት ቦታ የመጣ ሰው ነው። አንድም ቃል በከንቱ አያወጣም፤ ያወጣውን ቃል ደግሞ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል። እኔ መድረክ ላይ ስጮህ የኖርኩት ጩኸት ብቻ ነበር።

አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ ማለትም የሱ ልማድ ነው። “ለምንድን ነው?” አልኩት አንድ ቀን።

“ገበያ ስትሄጂ በአንድ ቋንቋ ብቻ ትገበያያለሽ?” አለኝ። “እኔ የምቆፍረው ለሁሉም ነው።”

እኔም በእነሱ ቤት ኦሮምኛ ለመድኩ። ስሳሳት በድሪያ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ትስቃለች፤ ከዚያ ታርመኛለች። ስሙን ካስጠራሁ በኋላ ሆዷ ተከፍቶልኝ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ናዝሬት ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነውን መሐመድዘይንን ይዤው ቡልቡላ ወረድኩ። ዝምተኛ የወሎ ሰው ነው። ነገር ሁሉ የሚገባው በጆሮው ነው፤ የተበላሸ ሬዲዮ ከመክፈቱ በፊት አንኳኩቶ ያዳምጠዋል። በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ነበረው። መርዳሳን ቤት ውስጥ ክራር አስይዞ ሊቀዳው ሞከረ። አልሆነም። መርዳሳ ማይክራፎኑን ሲያይ ድምፁ እንደ ተማሪ ልጅ ይቀጥናል።

“ቆይ፣” አለ መሐመድዘይን ለሦስተኛ ጊዜ ካጠፋው በኋላ። “ነገ ሥራ አለህ?”

“አለኝ።”

“እንግዲያው ነገ ነው።”

በማግስቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ማይክራፎኑን በገመድ ወደ ውስጥ ሦስት ክንድ ያህል አወረደው። መርዳሳ ከሥር ረስቶት ዘፈነ። ዶማው፣ የባልዲው ኳኳታ፣ የበድሪያ “ጂርታ?” ሁሉም ገባ። ስንጨርስ ቴፑን ከፍተን አዳመጥን። በድሪያ ከባሏ ይልቅ የራሷን ድምፅ ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

“እኔ ነኝ ይቺ? እንደዚህ ነው የምጮኸው? እንኳን ከጉድጓድ ከመቃብር አወጣዋለሁ!”

መርዳሳ ከሳቁ ብዛት ትን አለው።

መሐመድዘይን ካሴቱን ለአንድ የሻሸመኔ አውቶቡስ ሾፌር ቀዳለት። ሾፌሩ ለሌላ ሾፌር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያንን የዶማ ድምፅ ያውቀዋል። መቂ ሲደርሱ ተሳፋሪው በሙሉ ከበድሪያ ጋር “ጂርታ?” እያለ ይጮህ እንደነበር ነግረውኛል፤ አንድ ጊዜ እኔም ራሴ ተሳፍሬ ጮኼያለሁ።

ሙዚቀኞችም ሰሙት። እዚህ ላይ ነው የመርዳሳ ሥራ ከመርዳሳ ያለፈው። ናዝሬት አንድ ሆቴል ውስጥ ሳክስፎን የሚጫወት ሰው በዝምታው ቦታ ሳክስፎኑን “ጂርታ” አስባለው። ዝዋይ ውስጥ ሐይቁ ዳር የሚጫወቱ የክራር ልጆች በዚያ ቦታ ክራራቸውን በመዳፍ መምታት ጀመሩ። ሻሸመኔ በጊታር ሆነ፤ አርሲ ነጌሌ በሰርግ ላይ ሴቶቹ አንዴ ብቻ አጨብጭበው ይቆማሉ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ያቺን ባዶ ቦታ ሞላት፤ ግን ቦታዋን ማንም አልደፈናትም። በእኛ በሙዚቀኞች ዘንድ ስሟ “የመርዳሳ እረፍት” ተባለ። አንድ አዲስ ተጫዋች ቸኩሎ ካለፋት “አንተ፣ ሰውየውን ጉድጓድ ውስጥ ትተኸው ሄድክ!” ይባላል። ከዚያ በፊት በእኛ ከተሞች ሙዚቃ ማለት የአዲስ አበባን መቅዳት ነበር። ካሴቱ ከመጣ በኋላ ግን አዲስ አበባ የሌለ፣ ከእኛ አገር አፈር የወጣ አንድ ነገር እንዳለን አወቅን። ራሳችንን ሰማን።

መርዳሳ ይህን ሁሉ ስነግረው አንገቱን ነቅንቆ፣ “እኔ እኮ የማቆመው ስለሚደክመኝ ነው” ይለኝ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና መጣ። ልጆች ከየመንደሩ ተሰብስበው ሄዱ። መርዳሳ በዚያ ዓመት ከቡልቡላ በስተምዕራብ ለአንድ የገበሬ ማኅበር ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ውሃው ሲወጣ ሊቀምሰው የመጣው ሕዝብ ሽማግሌና ሴት ብቻ ሆነበት። ያኔ ነው ይህን ያወጣው፦

*ጉድጓዱን ጨርሼ ውሃ ወጣ ብዬ፣*
*የሚጠጣው ማነው? ባዶ ሆነ ቀዬ።*

ይህን ማንም አልቀዳውም። ግን ዘፈን ካሴት አይጠብቅም። በወራት ውስጥ የእናቶች ዘፈን ሆነ፤ ለቅሶ ቤትም ይባል ጀመር። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መርዳሳ በዚሁ ዘፈን ጸረ ሕዝብ ተብሎ ተይዞ ዝዋይ ታሠረ።

በድሪያ ናዝሬት ድረስ መጣች። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ጫማዋ በአቧራ ተሸፍኖ ቆማ አገኘኋት።

“ታይፕ ትመቺ የለም? አቤቱታ ጻፊልኝ” አለችኝ።

ፈራሁ። ይህን መደበቅ አልችልም። በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና አቤቱታ ጽፌ ብገኝ እንጀራዬን ማጣቴ ብቻ ሳይሆን አባቴም ጭምር ይጠየቃል። “እስቲ ላስብበት፣ አዴ” አልኳት። አልተቆጣችም። “እሺ” ብላ የዛፍ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

በመስኮት እያየኋት አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አምስት ጊዜ አበላሸሁ። በመጨረሻ አዲስ ወረቀት አስገብቼ አቤቱታውን ጻፍኩት። መጨረሻው ላይ የራሴን ስም ዘውድነሽ ብዬ ከነአባቴ ስም መታሁና ፈረምኩ። ይዤላት ወጣሁ።

አቤቱታውን ያጠናከረችው ግን በድሪያ ናት። ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር፤ ወንዙም ሐይቁም ሸሽቶ ሰውና ከብት የቆመው በጉድጓድ ውሃ ነው። በድሪያ ባሏ የቆፈረባቸውን የገበሬ ማኅበራት አንድ በአንድ በእግሯ ዞረች። አቤቱታውን የተቀበለው የዝዋይ አስተዳዳሪ በቀጠረን ዕለት ጠዋት፣ ቢሮው ደጃፍ ላይ አሥራ አራት ሽማግሌዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጄሪካን ይዘዋል። እኔም ፈቃድ ወስጄ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ቀዳሚው ወዬሳ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። የያዙትን ጄሪካን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጠው፣ “ጌታዬ፣ ይህ የኛ መንደር ውሃ ነው። ይቅመሱት” አሉ።

አስተዳዳሪው፣ “ምን ማለት ነው ይሄ?” አለ።

“ይህን ውሃ ያወጣው እርስዎ ያሰሩት ሰው ነው። የሁላችንም ውሃ የሱ ነው። በዚህ ድርቅ ልጆቻችንን ያተረፈው ይህ ነው። ጸረ ሕዝብ ነው ብለውናል። ሕዝቡ እኛ ነን፤ መጥተናል። ይጠይቁን።”

አስተዳዳሪው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ የሆነ ነገር በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ብርጭቆ አስመጥቶም ውሃውን ጠጣ። መርዳሳ በሳምንቱ ተለቀቀ። ቅድመ ሁኔታው ያን ዘፈን ዳግመኛ እንዳይዘፍን ነበር። እሱም ቃሉን ጠበቀ። ሰው ሲለምነው “ጉድጓዱን ጨርሼ ውሃ ወጣ ብዬ” ይልና ይቆማል። የቀረውን ሕዝቡ ይጨርሰዋል። “እኔ ምን አልኩ?” ይላል።

አቤቱታው ላይ መፈረሜን አለቃዬ ሰምቶ ወደ መዝገብ ቤት አዘዋወረኝ። ከዚያ በላይ አልደረሰብኝም። ያን ዕለት እጄን ወደ ወረቀቱ የመለሰልኝን ፈጣሪ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፤ “ላስብበት” ብዬ ብቀር ኖሮ ከዚያ በኋላ የምዘፍነው ሁሉ ምን ዋጋ ይኖረው ነበር?

የሠላሳ ዓመት አቧራ ግን የመርዳሳን ደረት በልቶት ነበር። በ1978 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማሳሉ በረታ። ሐኪም ከእንግዲህ ጉድጓድ እንዳይገባ ከለከለው። በር ላይ ተቀምጦ ክራር ሲመታ ዋለ። ደካማ ነበር፤ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው አልሰነጠቀም። የመጨረሻ ጊዜ ሄጄ ስጠይቀው አዲስ ዘፈን አስተማረኝ፤ ስለ ዝናብ ነው። ስዘፍንለት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣ “አሁን አልሰረቅሽም” አለኝ። ከሱ አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ይህ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ጠዋት ላይ፣ በድሪያ አጠገቡ ተቀምጣ እያለች አረፈ።

ቡልቡላ እንዲያ ያለ ቀብር አይታ አታውቅም። ቄሱም ሼኩም መጡ። የናዝሬቱ ሳክስፎን ተጫዋች ሳክስፎኑን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ የዝዋይ የክራር ልጆች በጋሪ ተጭነው፣ የሻሸመኔው ጊታሪስት በጭነት መኪና ላይ ቆሞ መጡ። መሐመድዘይን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጓድ አለማየሁ ሳይቀር መጥቶ ከሰው ኋላ ቆሞ አየሁት፤ አጠገቡ ስደርስ፣ “ግጥሙን መለወጥ አልነበረብንም” አለኝ። አላውቅም ነበር፤ ያ ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ሲበላው ኖሯል። እጁን ጨበጥኩት።

አብዛኞቹ ሙዚቀኞች መርዳሳን በአካል አይተውት አያውቁም። በድሪያን ተራ በተራ እጅ እየነሡ፣ “እኔ የሱ ተማሪ ነኝ” ይሏታል። እሷም ለያንዳንዳቸው፣ “ከየት ነህ? ምን ትጫወታለህ?” እያለች ስማቸውን ደግማ በአፏ ትይዘው ነበር። ወዬሳ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ “ልጅ አልወለደም ይሉት ነበር” አሉ።

ዛሬ 1982 ዓ.ም. ነው። እኔ አሁን ኪነት ቡድን ውስጥ የለሁም። ቅዳሜና እሑድ በሰርግ ቤት እዘፍናለሁ፤ አብተው አሁንም በአኮርዲዮን ያጅበኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ኦሮምኛዋ ከኔ ይሻላል። አባቴ ጋዜጣውን አውርዷል፤ አንድ ሰርግ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በእግሩ ምት ሲመታ ይዤዋለሁ። የትም ስዘፍን መጀመሪያ የመርዳሳን ስም እጠራለሁ። አሁን የሚከለክለኝ የለም፤ እንዲያውም ብዙዎች ቀድመውኝ ይጠሩታል። ከመርዳሳ በፊት ድምፅ ነበረኝ፤ የምለው ነገር ግን አልነበረኝም። በሕይወቴ ደግ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ሰርቄው ያስተማረኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

በድሪያ ዝዋይ እህቷ ዘንድ ገብታ የሽንኩርት ንግድ ጀምራለች፤ ተሳክቶላታል። ለኢድም ለፋሲካም እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ስሄድ ገበያ ውስጥ በሽንኩርት ክምር መሀል አገኘኋት። ተሳሳምን። ትከሻዬን ያዘችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ከስተሻል። ናዝሬት ምግብ የለም?” አለችኝ።

“አለ፣ አዴ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።”

“ሥራማ ጥሩ ነው” አለችና ደንበኛዋን ትታ እጄን ጎትታ ወደ ቤት ይዛኝ ሄደች። ሐይቁ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጀልባዎቹ ተመልሰው ዓሣ እያወረዱ ነው። ሁለት ዓሣ ገዛን፤ አንዱን ጠበስን፣ አንዱን ለልጆቼ ጠቀለለችልኝ።